እያየ አላየሁም የሚል ሰው፦ ስለ «ተርን ኤ ብላይንድ አይ» የመጡ ጥያቄዎች

ሰሞኑን ለእንግሊዝኛ ዓምዳችን ከደረሱት ጥያቄዎች አራቱ ሳይነጋገሩ አንድ አባባል ላይ ተገጣጠሙብን፣ ተርን ኤ ብላይንድ አይ (ቃል በቃል «የማያይ ዓይን ማዞር») የሚለው ላይ። ለየብቻ ከምንበትናቸው ባንድ ላይ ይውጡ ብለናል፣ የአንዱ መልስ ለሌላውም ስለሚሆን የራሳችሁን ብቻ ፈልጋችሁ ሌላውን አትዝለሉት።

ጥያቄ፦ «ሰላም እንዴት ናችሁ። አዲስ አበባ አንድ ኤንጂኦ ውስጥ ሂሳብ ክፍል ነው የምሰራው። ባለፈው ውጭ ሀገር ያለችው ሱፐርቫይዘራችን ለሁላችንም በላከችው ኢሜል ላይ ‹ዊ ካንት ኪፕ ተርኒንግ ኤ ብላይንድ አይ ቱ ሚሲንግ ሪሲትስ› ብላ ጻፈች። ስለጎደለ ደረሰኝ እንደሆነ ገብቶኛል፣ ግን ዓይነ ስውርን እዚህ ምን አመጣው? ጓደኛዬ ‹ደረሰኞቹ አልታዩንም ማለቷ ነው፣ ስካኑ ደብዝዞባት ይሆናል› አለችኝና የላክነውን በሙሉ እንደገና አጥርተን ስካን አድርገን ላክንላት። እስካሁን መልስ የለም። ተቆጥታ ይሆን እንዴ?» ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ ስካኑ ምንም አላጠፋም፣ ጓደኛሽ ግን መንገድ አስታሻለች። ተርን ኤ ብላይንድ አይ ማለት አንድን ነገር፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋት ወይ የደንብ መጣስ፣ እያወቁ እንዳላዩ ሆኖ ማለፍ ነው። ሱፐርቫይዘርሽ ያለችው እንግዲህ «ደረሰኝ እየጎደለ እያየን ዝም የምንለው ነገር ይብቃ» ነው። እናንተ ደግሞ ያልጎደለውን አጥርታችሁ ስትልኩላት ምን ብላ እንደምትመልስ ግራ ገብቷት ይሆናል እንጂ ዝምታዋ የቁጣ አይመስለኝም።

አባባሉ ላይ ዋናው ነገር ምን መሰለሽ፣ ያላየ ሰው ተርን ኤ ብላይንድ አይ ሊያደርግ አይችልም። መጀመሪያ ማየት ወይ ማወቅ አለበት፣ ከዛ በራሱ ፈቃድ እንዳላየ መሆን አለበት፣ ሁለቱ ካልተሟሉ አባባሉ ቦታ የለውም። ሚኒባሱ ትርፍ ጭኖ ተጨናንቆ ሲያልፍ ትራፊክ ፖሊሱ አይቶት ፊቱን ወደ ሌላ ካዞረ፣ ሂ ተርንድ ኤ ብላይንድ አይ ነው። በዛች ሰዓት ስልክ እያወራ ሚኒባሱን ጭራሽ ልብ ካላለው ግን እንደዛ ብትይ በደልሽው፣ እሱን ሂ ዲድንት ኖቲስ ነው የሚሉት። ኦቨርሉክ የሚለው ቃል ደግሞ መሀል ላይ ተንጠልጥሎ ነው ያለው፣ ሳያውቁ መዝለልም ይሆናል፣ አይቶ ይቅር ማለትም ይሆናል፣ ከአረፍተ ነገሩ ነው የሚለየው። ለዛ ነው አለቃሽን «አንዳንድ ደረሰኝ ኦቨርሉክ አድርገሃል» ብትዪው ፈገግ ብሎ ሊቀበልሽ የሚችለው፣ «ተርንድ ኤ ብላይንድ አይ» ብትዪው ግን «አውቀህ ነው የተውከው» ማለትሽ ስለሆነ ነገሩ ወደ ክስ ይሄዳል።

እኛ ጋ «አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም» የሚባለው ከሁሉም ይቀርበዋል ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ክብደቱ ያረፈው «አውቆ» የምትለዋ ላይ ነው። ቸል ማለት ወይ ችላ ማለት ብለው የሚተረጉሙት ብዙ ሰዎች አሉ፣ አልጣላቸውም፣ ግን ችላ የሚል ሰው ስንፍናም ግድ የለሽነትም ሊሆን ይችላል፣ ብላይንድ አይ ውስጥ ግን ውሳኔ አለ።

ሁልጊዜ ግን ለክፋት ነው ማለት አይደለም። አምስት ደቂቃ ያረፈደች ተማሪ በር ላይ ስትደርስ ጥበቃው ወደ ላይ ሰማይ ሰማይ እያየ ካሳለፋት እሱም ብላይንድ አይ ነው፣ ማንም አይከሰውም፣ ልጅቷም ታመሰግነዋለች። ደግነትም ይሁን ተባባሪነት የሚለየው ያለፉት ነገር ክብደት ነው።

ወደ ኢሜልሽ ስመለስ፣ «ዊ» ማለቷን ልብ በይ። ራሷንም ከጥፋቱ ውስጥ ከታለች፣ «ዩ» ብትል ኖሮ እኔም እሰጋልሽ ነበር። አሁን የሚሻለው አጭር መልስ መጻፍ ነው፣ የትኛው ወጪ ደረሰኝ እንደጎደለው፣ ከማን እንደሚጠበቅ፣ እስከመቼ እንደሚገባ፣ በቃ። ጠፍቶ የማይገኝ ካለ ደግሞ በመመሪያችሁ መሰረት ምን እንደሚተካው እሷኑ ጠይቂያት። ስለ ስካኑ ምንም አታንሺ።

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ፣ በወጣትነቴ ምጽዋ ባሕር ኃይል ውስጥ ነበርኩ። ያኔ ከኖርዌጂያን አሰልጣኞቻችን አንዱ ይህ አባባል የመጣው ከእንግሊዙ አድሚራል ኔልሰን ነው ብሎ አጫውቶን ነበር፣ በማያየው ዓይኑ ላይ የሩቅ ማያ መነጽር ደቅኖ የማፈግፈግ ትእዛዝ አይታየኝም አለ ብሎ። እኛ ስንስቅ እሱ አልሳቀም፣ ለምን እንደሆነ እስከዛሬ አላወቅኩም። ለመሆኑ ታሪኩ እውነት ነው?» ከደብረ ዘይት

መልስ፦ ጋሼ፣ ይሄን ጥያቄ ስላመጡልን እናመሰግናለን፣ ታሪኩን ትንሽ ዘርዘር እናድርገው፣ የአሰልጣኝዎ ነገርም እዛው ውስጥ ይገኛል።

ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1801 ነው። እንግሊዝ ከፈረንሳይ ጋር ጦርነት ላይ ስለነበረች በጦርነቱ የሌሉበትን ሀገሮች የንግድ መርከብ ሁሉ ባሕር ላይ እያስቆመች ትፈትሽ ነበር፣ ወደ ፈረንሳይ ዕቃ እንዳይገባ። ሩሲያ፣ ስዊድን፣ ዴንማርክና ፕሩሺያ ይሄ ሰልችቷቸው መርከቦቻችን አይፈተሹም ብለው ተባበሩ። እንግሊዝ ደግሞ ለመርከቧ ግንድ፣ ገመድ የሚፈተልበት ቃጫና ሬንጅ በብዛት የሚመጣላት ከባልቲክ በኩል ስለነበር ነገሩ የህልውና ጉዳይ ሆነባት፣ ስለዚ በሰር ሃይድ ፓርከር የሚመራ መርከበኛ ጦር ወደ ኮፐንሃገን ላከች። ኔልሰን ምክትሉ ነበር። ዋና አዛዡ ጠንቃቃ ሽማግሌ፣ ምክትሉ ደፋርና አንድ እጁን በጦርነት ያጣ፣ እንዲህ ዓይነት ሁለት ሰው ባንድ መርከብ ላይ ቢሆን ኖሮ ገና መንገድ ላይ ይጣሉ ነበር፣ ደግነቱ ለየብቻ ነበሩ።

ሚያዝያ 2 ቀን እንደ ፈረንጆቹ ኔልሰን ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ መሄድ የሚችሉትን መርከቦች ይዞ የዴንማርኮቹ መስመር ድረስ ገባ፣ ራሱ የሄደበት መርከብ ስሙ ኤሌፋንት ነው (ኤሌፋንት ኢን ዘ ሩም፣ ማለትም ሁሉም እያየው ማንም የማያነሳው ጉዳይ፣ ከሚለው ጋር ምንም አይገናኝም፣ ጥያቄ እንዳይመጣብኝ)። ገና ሲጀመር ሦስት ትልልቅ መርከቦቹ፣ አጋሜምኖን፣ ቤሎናና ራስል የሚባሉት፣ አሸዋ ላይ ተቀረቀሩ። ውጊያው ከበደ። ፓርከር ከሰሜን በኩል ርቆ ቆሟል፣ ነፋሱም አላስጠጋ ብሎታል፣ የሚያየው ጭስና የተቀረቀሩትን መርከቦች ብቻ ነው። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ካለፈ በኋላ ሲግናል ቁጥር 39ን፣ ማለትም በባንዲራ የሚተላለፍ ትእዛዝ፣ ሰቀለ፣ ትርጉሙ «ውጊያውን አቁሙ» ነው።

እርስዎ ከማንም በላይ እንደሚያውቁት በባሕር ላይ ሲግናል ልመና አይደለም። ኔልሰን ሲነገረው የራሱ ቁጥር 16፣ «ተጠግታችሁ ተዋጉ» የሚለው፣ አሁንም ተሰቅሎ እንደሆነ ጠየቀ፣ አዎ ሲባል እንዳይወርድ አዘዘ። ከዛ የመርከቡን ካፒቴን ፎሊን «ታውቃለህ ፎሊ፣ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለኝ፣ አንዳንዴ መታወር መብቴ ነው» አለውና መነጽሩን የማያየው ዓይኑ ላይ አድርጎ «ሲግናሉ በእውነት አይታየኝም» አለ ይባላል። ዓይኑን የጎዳው ከዛ በፊት በ1794 ኮርሲካ ደሴት ካልቪ በምትባል ከተማ ሲዋጋ ነው፣ ጥይት የመታው አሸዋና ጠጠር ተፈናጥሮ ቀኝ ዓይኑ ውስጥ ገባበት። ዓይኑ ግን ከቦታው አልጠፋም፣ ከሩቅ ላየው ጤነኛ ነበር የሚመስለው፣ በፊልም ላይ የምናየው ጥቁር የዓይን መሸፈኛ ፈጠራ ነው፣ እንደዛ አድርጎ አያውቅም።

እውነት ነው ወይ ላሉት፣ ሲግናሉ መሰቀሉና ኔልሰን አለማቆሙ አያጠራጥርም። የመነጽሩ ትዕይንት ግን ከጊዜ በኋላ የተጨመረ ቅመም ነው ብለው የሚጠረጥሩ የታሪክ ሰዎች ብዙ ናቸው። ከሱ በላይ ደግሞ አባባሉ ራሱ ኔልሰን ከመወለዱ በፊት፣ በ1600ዎቹ መጨረሻ ገደማ በጽሑፍ ላይ ነበር፣ ስለዚ ኔልሰን አልፈጠረውም፣ ስሙ ተለጥፎበት እንዲታወቅ አደረገው ቢባል ይሻላል። እኔን ግን ከመነጽሩ ይልቅ የሚያስደስተኝ ቀልዱ እንዴት እንደሚሰራ ነው። መርከቡ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ኔልሰን ሲግናሉን እንዳወቀ ያውቃል፣ ገና ስለሱ ሲነጋገሩ ነው የቆዩት። በእውነት ባያየው ኖሮ የሚያስቅም የሚያስቀጣም ነገር አይኖርም ነበር።

በነገራችን ላይ ሁሉም እንደሱ እድለኛ አልነበረም። ካፒቴን ሪዩ የሚባል፣ ፍሪጌት የሚባሉትን ትንንሾቹን የጦር መርከቦች የሚመራ መኮንን ለፓርከር ቅርብ ስለነበር ሲግናሉን አክብሮ መርከቡን ሲያዞር በመድፍ ተመትቶ ሞተ። ኔልሰን ግን ለዴንማርኩ አልጋ ወራሽ ደብዳቤ ጽፎ ተኩስ እንዲቆም አደረገ፣ ደብዳቤው የተቻኮለ እንዳይመስል መድፍ እየጮኸ በሰም እንዲታሸግ አዘዘ ይባላል። ውጤቱ ስላማረ ማንም አልቀጣውም፣ እንዲያውም ፓርከር ወደ ሀገሩ ተጠራና አዛዥነቱ ለኔልሰን ተሰጠ።

አሁን ወደ አሰልጣኝዎ ልምጣ። በዛን ጊዜ ኖርዌይና ዴንማርክ ባንድ ንጉሥ ስር ነበሩ፣ ኮፐንሃገን ፊት ለፊት ተደርድረው ከተመቱት መርከቦች ላይ ኖርዌጂያን መርከበኞችም ነበሩባቸው። ከስድስት ዓመት በኋላ በ1807 ደግሞ እንግሊዞች ተመልሰው መጥተው ከተማዋን ራሷን ደበደቡና መርከቦቹን ጠራርገው ወሰዱ። እናንተ የሰማችሁት የአንድ ጀግና ቀልድ ነው፣ እሱ ግን ከመነጽሩ ወዲያ ማዶ የነበሩትን ሰዎች ወገን ሆኖ ነው የሚያወራው፣ እንዴት ብሎ ይሳቅ።

ጥያቄ፦ «የሕግ ተማሪ ነኝ። ስለ መርከብ ኢንሹራንስ ሳነብ ‹ብላይንድ አይ ኖውሌጅ› የሚል አገኘሁ። ዳኞች እንዴት እንደዚህ ዓይነት የሰፈር አባባል ፍርድ ላይ ይጽፋሉ? እና ማወቅ ነው ወይስ አለማወቅ?» ከጎንደር

መልስ፦ ይጽፋሉ፣ ደግሞ የእንግሊዝ ዳኞች ከጻፉ የመርከብ ጉዳይ ላይ ቢጽፉት ምን ይገርማል። መልሱ ማወቅ ነው፣ ማለቴ እንደማወቅ ይቆጠራል።

ለምሳሌ የእንግሊዙ ዳኛ ሎርድ ዴኒንግ በ1976 ዩሪስቴኒስ በምትባል መርከብ ጉዳይ ላይ ያሉት ባጭሩ እንዲህ ነው፣ የመርከቡ ባለቤት እውነቱን ጠርጥሮ፣ በርግጠኝነት እንዳያውቀው ብሎ ሳይጠይቅ ከተወው፣ እንዳወቀ ነው የሚቆጠረው። ለምን አስፈለገ ብትል፣ በእንግሊዙ የ1906 የባሕር ኢንሹራንስ ሕግ ባለቤቱ መርከቡ ለጉዞ ብቁ እንዳልሆነ እያወቀ ከላካት በዛ ምክንያት ለደረሰው ጉዳት ኢንሹራንሱ አይከፍልም። አንቀጹ 39 ንኡስ 5 ነው፣ ከፓርከር ሲግናል ጋር ቁጥሩ መግጠሙ ያጋጣሚ ቢሆንም እኔ ባየሁት ቁጥር ያስቀኛል። ታዲያ ብልጥ ባለቤት ካፒቴኑን «ምንም አትንገረኝ» ብሎ ቢሮው ቢቀመጥ «አላወቅኩም» ሊል ነው ማለት ነው፣ ብላይንድ አይ ኖውሌጅ የሚዘጋው ያንን ቀዳዳ ነው።

ግን ቸኩለህ እንዳትፈርድ፣ ስታር ሲ የሚባለውን በ2001 ያኔ የእንግሊዝ የመጨረሻ ፍርድ ቤት በነበረው በሎርዶች ምክር ቤት የተወሰነ ጉዳይም አንብበው። መርከቧ ሞተር ክፍሏ ተቃጥሎ፣ ካፒቴኑ የእሳት ማጥፊያውን የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲስተም አጠቃቀም በደንብ አያውቅም ነበር፣ ከዛ በፊትም በዛው ባለቤቶች ሌሎች መርከቦች ላይ እሳት ተነስቶ ያውቃል። ጥፋት አለ ተባለ፣ ቸልተኝነት አለ ተባለ፣ ብላይንድ አይ ግን የለም ተባለና ባለቤቶቹ ረቱ። ምክንያቱም ቸልተኛ መሆንና ጠርጥሮ ሆን ብሎ አለመጠየቅ ይለያያሉ። ለመጀመሪያዋ እህታችን በኦቨርሉክ በኩል ያልናት ልዩነት እዚህ ሲመጣ ብዙ ገንዘብ የሚያስከፍል ይሆናል።

አሜሪካኖቹ ዊልፉል ብላይንድነስ፣ ሆን ብሎ መታወር፣ ይሉታል። በ2011 ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው የወሰነው የግሎባል ቴክ ጉዳይ ያስቀኛል፣ ስለ መጥበሻ ነው፣ ድንች ምናምን በዘይት የሚጠብስ የኤሌክትሪክ ዕቃ። የግሎባል ቴክ ሰዎች ሴብ የሚባል የፈረንሳይ ኩባንያ የሠራውን አንዱን ከሆንግ ኮንግ ገዝተው ከውጪ መልኩ በቀር ገለበጡት፣ ከዛ ጠበቃ ቀጥረው «ይሄ ዕቃ የማንንም ፓተንት (የፈጠራ መብት) ይነካል ወይ» ብለው ጠየቁት፣ ከማን እንደገለበጡት ግን አልነገሩትም። ጠበቃው ፈልጎ ምንም አላገኘሁም አላቸው። ፍርድ ቤቱ ሁለት ነገር ነው ያየው፣ አንደኛ ነገሩ እውነት የመሆን እድሉ ከፍተኛ መሆኑን ሰውየው ራሱ ያምን ነበር ወይ፣ ሁለተኛ ላለማወቅ ብሎ ያደረገው ነገር አለ ወይ። ሁለቱም ተሟልተዋል ተባለና ተሸነፉ። ለፈተና የምታጠና ከሆነ ይሄን መጥበሻ ያዘው፣ አይረሳም።

ጥያቄ፦ «ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፣ አረጋውያንን ቤታቸው ሄጄ እንከባከባለሁ። ስልጠና ላይ ‹ኔቨር ተርን ኤ ብላይንድ አይ ቱ አቢውዝ› ተብለን ያችን ቃል ለመድኳት፣ ከዛ የማያዩ አንዲት አሮጊት ቤት በስልክ ሳወራ አልኩትና ክው አልኩ። ሴትየዋ ምንም አላሉም። ነውር ነው እንዴ?» ከሜሪላንድ

መልስ፦ ነውር እንኳን አይደለም፣ ስድብም አይደለም፣ ጋዜጣ ላይም ፓርላማ ላይም በየቀኑ ይባላል። ብዙ ዓይነ ስውራን ራሳቸው ሲ ዩ ሌተር፣ ዲድ ዩ ሲ ዘ ጌም እያሉ ነው የሚያወሩት፣ ሰው «ማየት» የሚለውን ቃል ሲፈራላቸው እንዲያውም ይደብራቸዋል። ይሄኛው ግን ትንሽ ይለያል፣ ዓይነ ስውርነትን ጥፋት እያዩ ከመደበቅ ጋር ስለሚያገናኘው አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች በጽሑፋቸው እንዲቀር ይመክራሉ። እኔ በበኩሌ ምክንያታቸው ይገባኛል፣ ደግሞ አባባሉን ራሱን ካየሽው ዓይነ ስውር ሰውን አይደለም የሚወቅሰው፣ የሚያይ ሰውን ነው። ቢሆንም ካልተመቸሽ ሉክ ዘ አዘር ዌይ ወይ ዝም ብለሽ ኢግኖር በዪ፣ ትርጉሙ አይጎድልብሽም። ሴትየዋ ካልተቀየሙ ግን ይቅርታ ብለሽ ነገሩን አታግዝፊው፣ አሳፋሪው እሱ ነው የሚሆነው።

ስልጠናው ላይ የተባለው ግን ቀልድ አይደለም። የሰውነት ሰንበር ወይ ጠፋ የተባለ ገንዘብ አይተሽ «የቤተሰብ ጉዳይ ነው» ብለሽ ካለፍሽ አባባሉ ለዛ የተሠራ ይመስል ልክክ ይላል፣ እንደዛ ያለ ነገር ሲያጋጥምሽ ለቀጠረሽ ኤጀንሲ በጽሑፍ አሳውቂ።

ደግሞ ስትጽፊው፣ ይሄ ለሁላችሁም ነው፣ «ኤ» እንዳትቀር፣ ተርን ብላይንድ አይ ብቻውን ጎዶሎ ነው። ብዙ ሰውም ብትሆኑ ዓይኑ አንድ ነው፣ ብላይንድ አይስ አይባልም። «ማይ ብላይንድ አይ»ም አይባልም፣ ኔልሰን ካልሆናችሁ። ያለፉትን ነገር ስትጠቅሱ ቀጥሎ የሚመጣው «ቱ» ነው፣ ከሱ በኋላ ግስ ካመጣችሁ በ«ኢንግ» ይጨርስ፣ ቱ ቺቲንግ እንጂ ቱ ቺት አይደለም፣ ፈተና ላይ ብዙ ሰው የሚጥለው እዚች ጋ ነው። ወንድሙ ተርን ኤ ደፍ ኢር ደግሞ ልመናን ወይ ምክርን ሰምቶ እንዳልሰማ መሆን ነው፣ እሱን እንኳን ማስረዳት አያስፈልግም፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። ብላይንድ ስፖት ግን ዘመድ ቢመስልም ዘመድ አይደለም፣ መኪና ስትነዱ በመስታወቱ የማይታያችሁ ቦታ ነው፣ ለሰውም ሲባል ራሱ የማያውቀው ድክመቱ ማለት ነው። «ሂ ሃዝ ኤ ብላይንድ ስፖት» የተባለ ሰው ገና አላየም፣ ስለዚ ንገሩት።